የብዙ ጣት ንክኪ፦ ድራይቨሩ ለሶፍትዌር የሚነግረው

ፎቶ ለማጉላት ሁለት ጣት ስክሪኑ ላይ አሳርፈን ከፈት እናደርጋለን። ለእኛ አንድ እንቅስቃሴ ነው። የስክሪኑ ቺፕ ግን ማጉላት የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው እዚህ ጋ አንድ ነገር እንደነካው፣ እዚያ ጋ ደግሞ ሌላ ነገር እንደነካው ብቻ ነው። በቺፑና በአፑ መካከል ከሚቆሙት አስተርጓሚዎች የመጀመሪያው ድራይቨር ይባላል። ዋናው ስራው የትኛው ነጥብ የትኛው ጣት እንደሆነ ለይቶ መናገር ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ችግሩ ሁሉ ግን ያለው እዚያ ላይ ነው።

ዛሬ በብዛት የምንጠቀመው ካፓሲቲቭ የሚባለውን ስክሪን ነው። ከመስታወቱ ስር አግድምና ቁልቁል የተዘረጉ፣ ለዓይን የማይታዩ ኤሌክትሮዶች አሉ። ጣት ሲጠጋቸው በመገናኛቸው ላይ ያለው የኤሌክትሪክ መጠን ይለወጣል። ቺፑ ይህን መረብ በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ እየቃኘ ለውጥ ያየበትን ቦታ ወደ ቁጥር ይቀይራል። ድራይቨሩ ቁጥሮቹን ተቀብሎ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ በሚገባው ቋንቋ ያስተላልፋቸዋል።

ይህን ቋንቋ ፊት ለፊት ለማየት ሊኑክስ የሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይመቻል። አንድሮይድም ከስሩ ያለው ሊኑክስ ስለሆነ ነገሩ ለብዙ ስልኮች ይሰራል። ሊኑክስ ላይ እያንዳንዱ ማውስ፣ ኪቦርድና ታች ስክሪን (የንክኪ ስክሪን) እንደ ፋይል ይከፈታል። ከፋይሉ የሚፈሰው አጫጭር መልእክት ነው። እያንዳንዱ መልእክት ሰዓት፣ ዓይነት፣ ኮድና ዋጋ ይይዛል። በ64 ቢት ማሽን ላይ አንዱ 24 ባይት ብቻ ነው።

ድሮ የነበረው ቋንቋ ለአንድ ጣት የተሰራ ነበር፦ ኤክስ (የአግድም ቦታው) ይህን ያህል፣ ዋይ (የቁልቁል ቦታው) ያን ያህል፣ ተነክቷል ወይም ተለቋል። ሁለተኛ ጣት ሲመጣ የሚነገርበት መንገድ አልነበረም። በ2009 የወጣው የከርነል (የሊኑክስ እምብርት) እትም 2.6.30 የፕሮግራመሩን የሄንሪክ ሪድበርግን የብዙ ንክኪ ፕሮቶኮል፣ ማለትም የመልእክት አላላክ ደንብ፣ ይዞ መጣ። የመጀመሪያው መልክ ዓይነት ኤ ይባላል። አሰራሩ ግልጽ ነው፦ በየዙሩ ስክሪኑ ላይ ያሉት ጣቶች ሁሉ ይዘረዘራሉ፣ በመካከላቸው መለያያ ይገባል፣ መጨረሻ ላይ ዙሩ ይዘጋል። ጣቶቹ ግን ስም አልነበራቸውም። አሁን የመጣው ነጥብ ቅድም ካየነው ከየትኛው ጋር አንድ ነው የሚለውን ሶፍትዌሩ ራሱ ይጨነቅበት ነበር።

በ2010 በእትም 2.6.36 ዓይነት ቢ መጣ። ከጊዜ በኋላ የከርነሉ ድራይቨሮች ሁሉ ወደዚህ ስለዞሩ ዓይነት ኤ ዛሬ ጡረታ ወጥቷል ማለት ይቻላል። ዓይነት ቢ እያንዳንዱን ጣት ስሎት በሚባል መቀመጫ ላይ ያስቀምጠዋል፣ መለያ ቁጥርም ይሰጠዋል። ሁለት ጣት ሲያርፍ የሚመጣው ይህን ይመስላል፦

ስሎት 0
መለያ 45
ኤክስ 310
ዋይ 720
ስሎት 1
መለያ 46
ኤክስ 540
ዋይ 690
የዙሩ መዝጊያ

አሁን የመጀመሪያው ጣት ትንሽ ወደ ግራ ተንሸራተተ እንበል። የሚላከው «ስሎት 0፣ ኤክስ 298፣ የዙሩ መዝጊያ» ብቻ ነው። ዋይ ስላልተለወጠ አይነሳም። ሁለተኛው ጣትም ስላልተነቃነቀ ስለሱ ምንም አይባልም። የመጀመሪያው ጣት ቢነሳ ደግሞ «መለያ -1» ይላካል፤ ስሎቱ ባዶ ሆነ ማለት ነው። ስሎት 0 ብሎ መድገም እንኳ አያስፈልግም፣ ወሬው ገና ስለሱ ነውና። ቀጥሎ ሌላ ጣት ቢያርፍ ያንኑ መቀመጫ ሊይዝ ይችላል፣ መለያው ግን 47 ይሆናል። መቀመጫው አንድ ነው፣ እንግዳው ሌላ።

በእኔ ግምት የዚህ አሰራር ውበትም አደጋውም ዝምታው ላይ ነው። ዝም ማለት «እንደነበረ ነው» ማለት ስለሆነ አንባቢው ፕሮግራም የሁሉንም ጣት ሁኔታ ማስታወስ አለበት። ፕሮግራሙ ሲዘገይና ማከማቻው ሲሞላ ከርነሉ የቆዩትን መልእክቶች ጥሎ «አምልጦሃል» የሚል ምልክት ያስቀምጣል። ጠንቃቃ ፕሮግራም ይህን ሲያይ እስከሚቀጥለው መዝጊያ ያለውን ትቶ የስሎቶቹን ሁኔታ ከርነሉን እንደገና ይጠይቃል። ካልጠየቀ ግን አንድ የተነሳ ጣት በሱ ሂሳብ ስክሪኑ ላይ እንደተጫነ ይቀራል።

ጥሩ ቺፕ ጣቶቹን ራሱ እየተከታተለ መለያ ይሰጣል። ይህን የማይችል ከሆነ ከርነሉ ያግዘዋል። አዲሶቹን ነጥቦች ከድሮዎቹ ጋር አስተያይቶ ጠቅላላ ርቀቱ የሚያንሰውን አጣማመር ይመርጣል። ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። ሁለት ጣቶች በጣም ተጠጋግተው ሲተላለፉ ግን ሊሳሳት ይችላል።

የባሰው ግማሽ ብዙ ንክኪ የሚባለው ነው። አንዳንድ የቆዩ ታችፓዶች ጣት ያለበትን አግድም መስመርና ቁልቁል መስመር ለየብቻ እንጂ መገናኛውን አያውቁም። ሁለት ጣት ሲያርፍ አራት ማዕዘኑን ይነግሩናል፤ ጣቶቹ በየትኛዎቹ ሁለት ማዕዘኖች ላይ እንዳሉ ግን አይለዩም። ድራይቨሩ ይህን ድክመት አስቀድሞ በይፋ ያሳውቃል። እኔም እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ነበረኝ። በሁለት ጣት ወደላይ ወደታች መጎተት እንደ ልብ ነው። ምስል ላዙር ስል ግን ወደፈለገው ይሄድብኝ ነበር፣ እኔም ሶፍትዌሩን ስረግም ከረምኩ።

ከቦታ ሌላም የሚነገር አለ፦ ንክኪው የያዘው ስፋት፣ ግፊት፣ አቅጣጫ፣ የነካው ጣት ነው ወይስ ብዕር ወይስ መዳፍ የሚለው። ሁሉም መሳሪያ ሁሉንም አይልክም። ለአሮጌ ፕሮግራሞች ሲባል ደግሞ ድራይቨሩ ቀድሞ ያረፈውን ጣት እንደ ነጠላ ንክኪ አድርጎ ጎን ለጎን ይልካል።

ዊንዶውስ የሚሄድበት መንገድ ኤችአይዲ በሚባለው ስታንዳርድ በኩል ነው። መሳሪያው ሲሰካ ራሱን ያስተዋውቃል፦ የንክኪ መለያ ይህ ነው፣ ጫፉ መንካቱን የሚያሳየው ይህ ነው፣ የጣቶች ብዛት ይህ ነው። ስለዚህ ለየኩባንያው ድራይቨር መጻፍ ሳያስፈልግ አንዱ ለብዙዎች ይበቃል። ሊኑክስም ለእነዚሁ መሳሪያዎች የጋራ ድራይቨር አለው። መሳሪያው የሚልከው አንድ ፓኬት (የመረጃ ጥቅል) ሁለት ጣት ብቻ የሚይዝ ሆኖ አምስት ጣት ቢያርፍስ? በሦስት ፓኬት ይከፈላል። የመጀመሪያው ብዛት 5 ይላል፣ ተከታዮቹ 0 ይላሉ። ዜሮ እዚህ ጋ «ጣት የለም» ሳይሆን «የቅድሙ ቀጣይ ነኝ» ማለት ነው። ይህን ሳያነብ ድራይቨር የሚጽፍ ሰው ጣቶች ብልጭ ድርግም ሲሉበት ያድራል።

ወደ አፕ ሲደርስ ቋንቋው ይለሰልሳል። ዊንዶውስ 7 በ2009 ለንክኪ የራሱን መልእክት አመጣ፤ በ2012 ዊንዶውስ 8 ጣትን፣ ብዕርንና ማውስን በአንድ ላይ የሚያይ ሌላ መንገድ ጨመረ። ሊኑክስ ዴስክቶፕ ላይ ሊብኢንፑት የሚባለው ላይብረሪ በመሃል ገብቶ መዳፍን ያጣራል፣ የታችፓድ እንቅስቃሴን ይተረጉማል። ታች ስክሪን ሲሆን ግን ንክኪውን እንዳለ ያሳልፋል፣ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው አፑ ነውና።

አንድሮይድ ላይ ጀማሪ ፕሮግራመሮችን የሚያስቸግር አንድ ነገር አለ። እያንዳንዱ ጣት ተራ ቁጥርም መለያም አለው። አንዱ ጣት ሲነሳ የሌሎቹ ተራ ቁጥር ይሸጋሸጋል፣ መለያው ግን ጣቱ እስኪነሳ አይለወጥም። በተራ ቁጥር የሚከታተል የስዕል አፕ መጀመሪያ ያረፈው ጣት እንደተነሳ መስመሩን ከአንዱ ጣት ወደ ሌላው ዘሎ ያሰምራል። ሌላው የሚረሳው የመሰረዣ መልእክቱ ነው። ዝርዝር ውስጥ ያለ ቁልፍ ነክተን ወደላይ ብንጎትት ዝርዝሩ ንክኪውን ይወስዳል፣ ቁልፉ ደግሞ «ተሰርዟል» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ጣታችን ግን ገና ስክሪኑ ላይ ነው። መልእክቱን ቸል ያለ ቁልፍ እንደተጫነ ሆኖ ይቀራል።