ክኒኑ ነፃ ነው፣ መንገዱ ግን ነፃ አይደለም

በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ ስለ ገጠር ተማሪዎች ጤና በተነሣ ቁጥር የሚደጋገሙ አባባሎች አሉ። ወላጅ ይላቸዋል፣ መምህር ይቀበላቸዋል፣ በጀት የሚያጸድቀው ሰው ራሱም አንዳንድ ጊዜ ያምንባቸዋል። በደምቢያ ገጠር ሳስተምር ከእነዚህ አንዳንዶቹ ለእኔም እውነት ይመስሉኝ ነበር።

«ክሊኒክ ካልተሠራ ተማሪው ሕክምና አያገኝም»

ጎንደር ይህን ከማንም በፊት ያስተባበለች ከተማ ናት። በደምቢያ ሕዝብ የፈጀውን የወባ ወረርሽኝ ተከትሎ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም በየገጠር ቀበሌው ጤና ኬላና ሁለት ሴት ባለሙያዎች እንዲኖሩ አድርጎ የተነደፈ ነው። ለትምህርት ቤቱ የሚያስፈልገው አዲስ ሕንፃ አይደለም። ባለሙያዋ የምትመጣበት የታወቀ ቀን፣ መዝገብና የታመመውን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ ሰው ካለ ብዙ ይሠራል።

«መድኃኒቱ በእርዳታ ስለሚመጣ ወጪ የለበትም»

ከሁሉም የበለጠ የሚጎዳን ይህ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ በትምህርት ቤቶች የሚካሄደው የጥገኛ ትላትል መድኃኒት ዕደላ በ2008 ዓ.ም. ተጀመረ። ለወስፋትና ለመንጠቆ ትል የሚሰጠው አልቤንዳዞልም ሆነ ለብልሃርዝያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ከአምራቾቹ በልገሳ የሚመጡ ናቸው። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው።

ነገር ግን ከወረዳው መጋዘን ጭቃውን አቋርጦ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው መኪና ነዳጅ ይፈልጋል። የሚያድሉት መምህራን ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል። ቅጽ ይታተማል፣ ውኃ ይቀዳል። ወረዳው ከክልሉ የሚደርሰው በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ ሥራ ማስኬጃ ተብሎ የሚተርፈው ጥቂቱ ነው። ከዚያች ጥቂት ላይ ጤና ጽሕፈት ቤቱ «ተማሪዎቹ የትምህርት ናቸው» ይላል፣ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ «መድኃኒቱ የጤና ነው»። ልጁ በሁለቱ መካከል ይቀራል።

አንድ የዕደላ ቀን አይረሳኝም። ልጆቹ ተሰልፈው ተራ በተራ ከመለኪያው እንጨት ሥር ይቆማሉ፤ ፕራዚኳንቴል የሚሰጠው በቁመት ልክ ስለሆነ አንዱ አንድ ተኩል፣ ሌላዋ ሁለት ክኒን ይደርሳቸዋል። ሁሉም ተዘጋጅቶ ሳለ መዋጫ ውኃ አልነበረም። አራት ልጃገረዶች ጀሪካን አዝለው ወደ ምንጭ ወረዱ፤ ሰልፉ እስኪመለሱ በፀሐይ ጠበቀ። በልገሳ የመጣው መድኃኒት በጀሪካን ውኃ እጦት ቆመ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር የነዳጁም፣ የውኃውም፣ የቅጹም ወጪ ከዚያ በፊት በወረዳው ዕቅድ በስሙ ተጽፎ መግባት አለበት። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ይህን መጠየቅ ያለበት በሚያዝያና በግንቦት ነው፣ ዕደላው ሲደርስ አይደለም።

«ክኒኑ ልጆችን ያሳምማል፣ ክትባቱም ያመክናል»

ፕራዚኳንቴል ከዋጡ በኋላ ሆዳቸውን የሚቆርጣቸው፣ የሚያጥወለውላቸው ልጆች አሉ፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ብዙ ትል ያለበት ልጅ ላይ ይብሳል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን በአጭር ጊዜ ያልፋል። በባዶ ሆድ መዋጥ ስለሚያባብሰው ልጁ ከቤት ሲወጣ ቂጣም ይሁን ቆሎ ይቅመስ። ቀኑ ጾም ላይ ከዋለ ከወላጆችና ከንስሐ አባቶች ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባት ደግሞ የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያመጣውን ቫይረስ ይከላከላል። አያመክንም።

«የጤና መድን ለአባወራው እንጂ ለልጆች አይደለም»

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር የደቡብ ጎንደሯ ፎገራ አንዷ ነበረች። አባልነቱ የቤተሰብ ነው፤ መዋጮው ልጆችንም ይሸፍናል። መክፈል ለማይችሉ የድሃ ድሃ ቤተሰቦች መንግሥት ይከፍላል። መምህር ማወቅ ያለበት ከተማሪዎቹ መካከል የማን ቤተሰብ መታወቂያውን እንዳላሳደሰ ነው።

«ከዋጠ ድኗል»

ፕራዚኳንቴል በሰውነት ውስጥ ያደገውን ትል ይገድላል፣ ነገ የሚገባውን አይከለክልም። ብልሃርዝያ በውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣ ላይ አድጎ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ መገጭ ወንዝ ውስጥ የሚዋኝና በጣና ዳር ከብት የሚያጠጣ ልጅ በዚያው ሳምንት ሊያዝ ይችላል። ዕደላው በየጊዜው የሚደገመው ለዚህ ነው። የመጸዳጃ ቤቱ ጉዳይም ከመድኃኒቱ እኩል የሚነሣው ለዚህ ነው። በእኛ ትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤቱ ደጃፍ ቀዳዳ የተበሳ ጀሪካን ተሰቅሎ፣ ሳሙናው በገመድ ታስሮ ነበር። ሳሙናው ሲያልቅ የሚገዛበት ገንዘብ በየትኛውም መዝገብ ላይ አልተጻፈም ነበር፤ በወሩ መጨረሻ ገመዱ ብቻ ቀረ።