ጠመንጃው አልመታ ሲል፦ በእጅ በተሞላ ጥይት ላይ ያሉ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እዚህ አሜሪካ ጥይት ራስን ችሎ መሙላት የተለመደ ነገር ነው። ሰው የተተኮሰውን ቀለህ ይሰበስባል፣ ያጸዳል፣ ወደ ልኩ ይመልሳል፤ ከዚያ አዲስ ፕራይመር (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ክፍል)፣ ባሩድና አረር ይገጥምለታል። እኔም ቨርጂኒያ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ተኩስ ሜዳ የምሄደው ራሴ የሞላሁትን .223 የተባለ የጥይት ዓይነት ይዤ ነው። ከሌሎች ተኳሾች ደጋግሜ የምሰማው ቅሬታ አንድ ነው፦ «ይህን ሁሉ ለፍቼ ጠመንጃው አልመታ አለኝ።» ከዚያ ሁሉም መጀመሪያ የሚነካው ባሩዱን ነው። እኔም ስምንት ወር ያህል እንደዚያው አደረግኩ። ችግሩ ግን ባሩዱ ውስጥ አልነበረም።

«3 ጥይት አንድ ቦታ ከገባልኝ ልኩን አገኘሁ»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ያው ጠመንጃ በያው ጥይት፣ ምንም ሳይቀየር፣ በ3 ጥይት አንዴ ግማሽ ኢንች፣ አንዴ ኢንች ተኩል ስፋት (በሁለቱ በጣም በተራራቁ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት) ሊሰጥ ይችላል። ዕድል ነው። የተኩሱ ቁጥር ሲጨምር ስፋቱም ያድጋል። በአማካይ የ10 ጥይት ስፋት የ3ቱን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይሆናል።

እንግዲህ አስቡት። አምስት ዓይነት የባሩድ መጠን ሞልታችሁ ከእያንዳንዱ 3 ትተኩሳላችሁ። ከአምስቱ አንዱ ጥሩ ሆኖ መውጣቱ አይቀርም። ደስ ብሏችሁ መቶ ጥይት በዚያ መጠን ትሞላላችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ያ ጥሩ ውጤት የለም። ጠመንጃው ተበላሸ ትላላችሁ። አልተበላሸም፤ መጀመሪያም ያን ያህል አይመታም ነበር። ቢያንስ 10 ጥይት አንድ ወረቀት ላይ ተኩሱ። ቢቻል ደግሞ በሌላ ቀን ድገሙት። ወጪ አለው፣ አውቃለሁ። ግን ወራት ከመንከራተት ይረክሳል።

«ውፍረቱ እስከገጠመ ድረስ የትኛውም አረር ይሠራል፤ ከባዱ ደግሞ ይበልጣል»

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይሄ ነበር።

በበርሜሉ ውስጥ ያሉት ጠመዝማዛ መስመሮች አረሩን ያሾሩታል። እንዝርት በደንብ ሲሾር ቀጥ ይላል፤ ሲደክም ይንገዳገዳል። አረርም እንደዚያው ነው። አረሩ በረዘመ ቁጥር የበለጠ መሾር ይፈልጋል። ወሳኙ ርዝመቱ ነው። ክብደት ከርዝመት ጋር የሚምታታው ከባድ አረር ብዙውን ጊዜ ረጅም ስለሆነ ነው። ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ አረር ለምሳሌ፣ እርሳስ ካለው እኩያው ክብደቱ ሳይጨምር ይረዝማል። እንግሊዛዊው የሂሳብ ሊቅ ጆርጅ ግሪንሂል ይህን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1879 በቀመር አስቀምጦታል።

የእኔ ጠመንጃ ያገለገለ ነው። በርሜሉ አረሩን አንድ ሙሉ ዙር የሚያዞረው በ12 ኢንች ነው፤ ይህ ቁጥር ባነሰ መጠን አረሩ የበለጠ ይሾራል። እኔ ደግሞ 75 ግሬን (ግሬን የአረርና የባሩድ መመዘኛ ትንሽ የክብደት መለኪያ ነው) የሚመዝን ረጅም የውድድር አረር እሞላለት ነበር። በ100 ያርድ (91 ሜትር ገደማ) ወረቀቱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች እንደ ቡና ፍሬ ሞላላ ነበሩ። ወራት ሙሉ አይቼ አላስተዋልኩትም። ሞላላ ቀዳዳ ማለት አረሩ በጎኑ እየገባ ነው ማለት ነው። ይህን በባሩድ ልታስተካክሉት አትችሉም። 52 ግሬን ወዳለው አጭር አረር ስቀይር ቀዳዳዎቹ ክብ ሆኑ።

ይህ ስህተት ትልልቆቹንም አግኝቷል። የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ጦር ኤም 16 ጠመንጃዎች በ14 ኢንች አንድ ዙር ነበሩ። በከባድ ብርድ አየሩ ሲወፍር አረሩ አልረጋ አለና ወደ 12 ኢንች ተቀየሩ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ረዘም ያለ አረር ሲመጣ ደግሞ ወደ 7 ኢንች ወረደ። የጠመንጃና የጥይት ሠሪው ሬሚንግተንም እ.ኤ.አ. በ1955 .244 የተባለውን ጥይት ሲያወጣ የበርሜሉን አንድ ዙር በ12 ኢንች አደረገው። ተወዳዳሪው .243 ዊንቸስተር 10 ኢንች ስለነበረ 100 ግሬኑን አረር በደንብ ይተኩሳል። ገበያውን የወሰደው .243 ነው። ሬሚንግተን እ.ኤ.አ. በ1963 የበርሜሉን ዙር ወደ 9 ኢንች፣ ስሙንም ወደ 6 ሚሊ ሜትር ሬሚንግተን ቀየረ።

የራሳችሁን በርሜል ዙር ለማወቅ ልዩ መለኪያ አያስፈልግም። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለቴ አረጋግጡ። እጀታው የሚሽከረከር የማጽጃ ዘንግ ላይ ጠበቅ ያለ ጨርቅ አድርጋችሁ አስገቡ። ዘንጉ ላይ ምልክት አድርጉና ምልክቱ አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር ግፉ። በዚያ መሀል የገባው ርዝመት መልሱ ነው።

«ባሩድ ስጨምር ፍጥነት ይጨምራል፣ ፍጥነት ሲጨምር ይመታል»

ይሄኛው አደገኛ ነው። ብዙ ጠመንጃ በደንብ የሚመታው ከመጨረሻው መጠን ዝቅ ብሎ ነው። የመሙያ መመሪያ መጽሐፉ ካስቀመጠው መነሻ ጀምሩ፤ ከጣሪያው በፍጹም አትለፉ። ፕራይመሩ ተጠፍጥፎ ከወጣ ወይም መቀርቀሪያው አልከፈት ካለ አቁሙ። አረሩን ከቀለሁ ወደ ፊት አውጥቶ ከጠመዝማዛው መስመር ጋር ማስነካትም እንዲሁ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፤ ሁልጊዜም አያሻሽልም።

«እያንዳንዷ የባሩድ ቅንጣት ካልተመዘነች ልፋቱ ከንቱ ነው»

ለ100 ያርድ ይህን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም። የ.223 ፍጥነት በ1 በመቶ ቢለያይ፣ በዚያ ርቀት ላይ የሚያመጣው የከፍታ ልዩነት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ600 ያርድ ነገሩ ሌላ ነው። በቅርብ ርቀት ሦስት ኢንች የሚበትን ጠመንጃ ግን በሚዛን አይድንም።

«የ.223 ቀለህ ሁሉ ያው ነው»

አይደለም። የውስጥ ስፋቱ ከሠሪ ሠሪ ይለያያል፤ ስለዚህ ያው ባሩድ የተለያየ ግፊት ይሰጣል። በሠሪው ለዩት። ርዝመቱንም ለኩ። ከ1.760 ኢንች ካለፈ መቆረጥ አለበት፤ አለዚያ አንገቱ አረሩን ጨምድዶ ግፊት ያስነሳል።

«በ100 ያርድ ነፋስ ምን ያደርጋል?»

በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ 55 ግሬን አረርን አንድ ኢንች ያህል ይገፋዋል። ስለዚህ ነፋሱ ሄድ መለስ በሚልበት ቀን የተተኮሰ ወረቀት ላይ ተመርኩዛችሁ ጥይታችሁን አትፍረዱበት።

«በርሜሉ አልቋል»

ምናልባት። ግን .223 በርሜልን ቶሎ ከሚጨርሱት አይደለም። ብዙ ሺህ ጥይት ይችላል። ከዚያ በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ። በርሜሉ ውስጥ የመዳብ ቅሪት ተጠራቅሞ ይሆን? አሞኒያ ባለው ማጽጃ ስታጸዱ ጨርቁ ሰማያዊ ሆኖ ከወጣ መዳብ አለ። የአፈሙዙ ጠርዝ ተጎድቶ ይሆን? በአፈሙዙ በኩል ዘንግ እየከተቱ ያጸዱት ጠመንጃ እዚያ ላይ ይበላል። በርሜሉ የሚቀመጥበት የጠመንጃው እንጨት በርሜሉን እየነካው ይሆን? ወረቀት በመሀላቸው አንሸራቱና እዩ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ፓኬት ጥሩ የፋብሪካ የውድድር ጥይት ግዙ፤ ለበርሜላችሁ ሽክርክሪት የሚስማማውን። እሱም ከበተነ ጥፋቱ ከእጃችሁ ሥራ አይደለም። እሱ ሰብሰብ ብሎ የእናንተው ከተበተነ፣ ያኔ ወደ መሙያው ጠረጴዛ ተመለሱ። ስትመለሱም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ጻፉትም።

የእኔ ጠመንጃ በአጭሩ አረር ቀዳዳዎቹ ክብ ከሆኑ በኋላም ሁለት ኢንች ተኩል ይበትን ነበር። የፋብሪካውንም ጥይት እንደዚያው በተነ። ካቻቪቴ ይዤ ከእንጨቱ ብሎኖች ጀመርኩ፤ ደህና ናቸው። የቴሌስኮፑን ማሰሪያ ስነካ የፊተኛው ብሎን በጣት ዞረ። ሁሉንም አወጣሁ፣ ዘይቱን ጠረግኩ፣ ሠሪው ባዘዘው ልክ መልሼ አጠበቅኩ። በዚያው ቅዳሜ 10 ጥይት በኢንች ከሩብ ውስጥ ገባ። የባሩዱን ሙከራ እንደገና የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።