«አረንጓዴ ሆስፒታል» ምንድን ነው? (ሣሩን ለጊዜው ተዉት)

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ከአንድ አዲስ ሆስፒታል ፎቶ ሥር «አረንጓዴ ማለት ይሄ ነው!» ብሎ ጻፈ፤ አካባቢን የማይጎዳ ማለቱ ነው። ፎቶው ላይ ያለው በመስታወት የተለበጠ፣ መስኮቱ የማይከፈት ፎቅ ነው። ፊት ለፊቱ ሣር፣ ጣሪያው ላይ ሶላር። ወንድሜ፣ ሣሩ ያምራል። ሕንፃው ግን ቀን ከሌት የሚተነፍሰው በኤሲ (በአየር ማቀዝቀዣ) ነው።

ሆስፒታል ለከተማው ጎረቤት ነው። ግቢውን አበባ በአበባ አድርጎ፣ በሩን ቆልፎ፣ እጣቢውን ወደ እናንተ ደጅ የሚለቅ ሰው ጥሩ ጎረቤት ይባላል? ጥሩ ጎረቤት ቡና ይጠራል፣ እሳት ይጭራል፣ ያስጭራል።

ሲንጋፖር ውስጥ ዪሹን የሚባል ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተውን ኩ ቴክ ፑዋት ሆስፒታልን እዩ። አጠገቡ ኩሬ አለ። በአጥር አልጋረደውም፤ ግቢውን ወደ ኩሬው ከፈተው። የሰፈሩ ሰው ሲናፈስ ገብቶ፣ በልቶ ይወጣል። ተክሉ የሚጠጣው ከኩሬው ነው፤ ጣሪያው ላይ ያለውን የጓሮ አትክልት የሚንከባከቡት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እሳት መጫጫር ይሏል ይሄ ነው። በመንግሥት ድጎማ የሚታከሙት የሚተኙባቸው ክፍሎች ደግሞ በተፈጥሮ ነፋስ ነው የሚቀዘቅዙት፤ ግድግዳው ላይ የተገጠሙት ክንፎች ነፋሱን እየያዙ ወደ ውስጥ ይልኩታል። ያውም ከምድር ወገብ አፍንጫ ሥር! አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ «ያለ ኤሲ አይሆንም» የሚለኝን ሰው ምን ልበለው?

መስኮት መክፈት ብቻውን ይበቃል አላልኩም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ፣ በነፋስ የሚሠራ የተለመደ መኝታ ክፍል ለአንድ ታካሚ በሰከንድ 60 ሊትር አየር ያስፈልገዋል፤ እንደ ቲቢ ያለ በአየር የሚተላለፍ በሽታ ያለበት የሚተኛበት ክፍል ደግሞ 160። ነፋስ ጸጥ ባለበት ቀን ምን እንደሚደረግ በፕላኑ ላይ ካልታየ ቁጥሩ ወረቀት ነው። ኦፕራሲዮን ክፍልማ በመስኮት ነፋስ ጭራሽ አይሆንም፤ አየሩ ተጣርቶ መግባት አለበት። ጎረቤት ቢሆንም ጓዳ አይገባም። ኩሬም አለ ብላችሁ አትፈንድቁ፤ ዴንጊ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ ባለበት አገር የቆመ ውሃ የትንኝ መፈልፈያ ነው፣ ዘወትር ተቆጣጣሪ ይፈልጋል።

ሰውዬው መልሶ «አንተ ደግሞ ሣር ትጠላለህ» አለኝ። አልጠላም። መስኮቱ በየት በኩል ይከፈታል ብዬ ነው የጠየቅኩት፤ እስካሁን አልመለሰልኝም።