መንግሥትና ሃይማኖት በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር

ከአዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተሞች የሦስቱ ስም ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው። ልደታ ከልደታ ማርያም፣ ቂርቆስ ከቅዱስ ቂርቆስ፣ የኮልፌ ቀራንዮ ሁለተኛ ስም ደግሞ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም። የልደታ ወይም የቂርቆስ መታወቂያ የያዘ ሙስሊም ነዋሪ ሞልቷል። በዚህ ቅር ያለው ሰው ግን አላጋጠመኝም። የሰፈር ስም የሰፈር ስም ነው።

ሕጉ አጭር ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም ይላል። መንግሥት በሃይማኖት፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገቡ ይከለክላል። አንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን ይጨምራል። ከተማ አስተዳደሩም ከዚሁ ነው የሚነሳው። ነገሩ የሚፈተነው ግን ፍርድ ቤት ሳይሆን ወረዳ ቢሮ፣ መሬት ልማት ቢሮና አደባባይ ላይ ነው።

ከተማዋ ስትቆረቆር እንዲህ ያለ ልዩነት አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ የነገሡት በእንጦጦ ማርያም ነው። አራዳ ጊዮርጊስ የተተከለው የአድዋን ድል ተከትሎ ነው። ሰፈሩ በደብሩ ዙሪያ አደገ፣ ገበያውም አጠገቡ ቆመ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት የምትደገፍ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን መሆኗን በግልጽ አስቀመጠ። ጣሊያን ከተማዋን በያዘባቸው አምስት ዓመታት መርካቶ አሁን ባለበት ተስፋፋ። የአንዋር መስጂድም የዚያ ዘመን ትሩፋት ነው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች አደባባይ ወጡ። በሰልፉ ላይ ክርስቲያኖችም ነበሩ። ጥያቄያቸው ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፣ የሙስሊም በዓላት ብሔራዊ በዓል ይሁኑ የሚል ነበር። ደርግ ሥልጣን እንደያዘ ኢድ አልፈጥር፣ ኢድ አልአድሐ (አረፋ) እና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። በ1967 ዓ.ም. አዋጆች ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የገጠር መሬቷንም የከተማ ኪራይ ቤቶቿንም አጣች። መስቀል አደባባይም አብዮት አደባባይ ተባለ፣ ስሙ የተመለሰው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ከ100 ሰው 75ቱ ኦርቶዶክስ፣ 16ቱ ሙስሊም፣ 8ቱ ፕሮቴስታንት ነበሩ። የአደባባዩ ጥያቄ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

መስቀል አደባባይ በመስከረም 16 የደመራ ነው። በዓሉ በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በዚያ ቀን አስተዳደሩ እንግዳም አስተናጋጅም ነው። ከንቲባዋ ንግግር ያደርጋሉ፣ ትራፊክ ፖሊስ መንገድ ይዘጋል፣ የእሳት አደጋ መኪና ይቆማል፣ ጽዳት ሠራተኛው ሌሊቱን አመድ ይጠርጋል። በኢድ ደግሞ ሶላቱ ስታዲየም ውስጥ ይጀምርና እስከ አደባባዩ ይሞላል። ያኔም መንገድ ይዘጋል፣ የከንቲባ መልእክት ይነበባል። ይህ ድጋፍ ነው ወይስ ጣልቃ ገብነት? አብዛኛው የከተማ ሰው አገልግሎት ነው ይላል። እኔም እንደዚያው።

ክርክሩ የተነሳው በ2013 ዓ.ም. ነው። አደባባዩ ታድሶ፣ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶለት በሰኔ ተመረቀ። ከዚያ በፊት በረመዳን ታላቅ የጎዳና ኢፍጣር እዚያ ሊደረግ ታስቦ በመጀመሪያው ቀን ተከለከለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ተካሄደ። ወንጌላውያንም በአደባባዩ የአምልኮ ፕሮግራም አዘጋጁ። ቤተ ክርስቲያን በስሙም በታሪኩም ቦታው የእርሷ መሆኑን ገልጻ መግለጫ አወጣች። ሌሎቹ በግብር የታደሰ የሁሉም አደባባይ ነው አሉ። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ስሙን ያወጣለት መስቀሉ መሆኑን ግን የሚክድ ያለ አይመስለኝም። በ2014 ዓ.ም. የኢድ አልፈጥር ዕለት እዚያው አካባቢ ግርግር ተነስቶ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኩሷል።

የእሬቻ ነገር ለብቻው ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማው ውስጥ ሆራ ፊንፊኔ ላይ ይከበራል። አዘጋጆቹ ከ150 ዓመት በኋላ የተመለሰ ነው ይላሉ። ሃይማኖት ነው ወይስ ባህል የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ከአንቀጽ 11 አንጻር ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ጃንሜዳ ደግሞ የጥምቀት ነው። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ከየደብሩ ወጥተው እዚያ ያድራሉ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ከተማው የፒያሳውን አትክልት ተራ ወደዚህ አዛወረው። ነጋዴው ሰፋ ባለ ቦታ እንዲሸጥ ታስቦ ነበር፣ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ወራት ሲያልፉ ግን ሜዳው በጭቃና በበሰበሰ ቲማቲም ተሞላ። ጥምቀት ሲቃረብ ምእመናን ተቆጡ። ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛወረ። ወጣቱ መጥረጊያና አካፋ ይዞ ወረደ፣ የከተማው የቆሻሻ መኪናም አብሮ ሠራ። በ2013 ጥምቀት ታቦታቱ እንደ ወጉ ጃንሜዳ አደሩ።

ከሁሉም የሚከብደው የመሬት ጉዳይ ነው። የ2004 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ለአምልኮ ቦታ የሚሆን መሬት ያለ ጨረታ በምደባ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ውሳኔው ያለው በካቢኔ እጅ ነው። ስለዚህ የትኛው እምነት፣ የት፣ ስንት ካሬ ሜትር የሚለው የአስተዳደሩ ሥራ ሆነ። ካርታ ሳይኖረው ለዓመታት የቆየ ደብርም መስጂድም ነበር። በጥር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ 22 ማዞሪያ አካባቢ በሌሊት ቤተ ክርስቲያን ለማፍረስ የሄደ ኃይል ከምእመናን ጋር ተጋጨ። ሁለት ወጣቶች ሞቱ። አስተዳደሩ ማዘኑን ገለጸ። በ2015 ዓ.ም. ጎረቤት ሸገር ከተማ መስጂዶች ሲፈርሱ ደግሞ ተቃውሞው የፈነዳው አዲስ አበባ አንዋር መስጂድ ነው። እዚያም የሰው ሕይወት ጠፋ። አፍራሹ ሌላ ከተማ፣ ለቅሶው መርካቶ።

ቀበሌም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ ትምህርት ቤት የተነሳው የሙስሊሞች ተቃውሞ የመጅሊስ (የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት) አመራር ይመረጥ የሚል ጥያቄ ነበረው። ምርጫው በ2005 መጀመሪያ ተካሄደ፣ ግን በየቀበሌው አዳራሽ። ተቃዋሚዎቹ «ምርጫችን በመስጂዳችን» አሉ። የቀበሌ አዳራሽ የእድሩም፣ የስብሰባውም፣ የሁሉም ቤት ነው። የሃይማኖት መሪ መምረጫ ሲሆን ግን ሰው ሌላ ነገር ቢጠረጥር አይገርምም።

ጋብቻ ላይ ግን መንግሥትና ሃይማኖት ተስማምተው ይኖራሉ። የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ በማዘጋጃ ቤት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል የሚፈጸምን ጋብቻ እኩል ያውቃል። መመዝገብ ግን አለበት። በተክሊል ያገባውም፣ ኒካህ ያሰረውም ወደ ወረዳው ሲቪል ምዝገባ ይሄዳል። አሜሪካ ወደሚኖረው ባሏ ለመሄድ የምትሰናዳ ሙሽራ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ከደብሩ የተሰጣት ወረቀት ብቻውን ለኤምባሲ አይበቃም። የሸሪዓ ፍርድ ቤትም በአዋጅ 188/1992 ተቋቁሞ በመንግሥት በጀት ይሠራል። የፌዴራል እንጂ የከተማው አይደለም። ተከራካሪዎቹ ካልተስማሙም ጉዳዩን አያይም።

የመጨረሻው የድምፅ ማጉያ ነው። በመኖሪያ ሰፈር የተፈቀደው ድምፅ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ልኩ ለጭፈራ ቤቱም ለአምልኮ ቤቱም አንድ ነው። የከተማው አካባቢ ጥበቃ ጭፈራ ቤት ሲያሽግ ዜና እንሰማለን። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መለኪያ ይዞ ደጀ ሰላም ወይም መስጂድ በር የቆመ ባለሙያ ግን እኔ አላየሁም።