ጠላና ኮረፌ በጎንደር፦ አጠማመቁና የጥሬ ዕቃው ግዢ

ጎንደር ውስጥ የቤት ቢራ ሲባል ጠላና ኮረፌ ነው። ሁለቱም ከእህልና ከጌሾ ይጠመቃሉ። ለማኅበር፣ ለሰንበቴ፣ ለተዝካር፣ ለሰርግና ለደቦ ይቀርባሉ፤ ጥር 11 የሚከበረው ጥምቀት ሲቃረብ ደግሞ በየሰፈሩ የወይራ ጭስ ይሸታል፤ ጋን እየታጠነ ነው ማለት ነው። ጠምቆ መሸጥም የብዙ ሴቶች መተዳደሪያ ነው። በብዙ ቦታ የጠላ ቤት የሚታወቀው በር ላይ በቆመ እንጨት ጫፍ ላይ በተደፋ ጣሳ ነው።

አዘገጃጀቱ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት በእጅ የሚተላለፍ ሙያ ነው። ልኩም በጣሳ፣ በቁናና በእፍኝ ይነገራል፤ ከቤት ቤትም ይለያያል። ስለዚህ መማር የፈለገ ሰው ከጥንስሱ ቀን ጀምሮ የሚጠምቁ እናት አጠገብ ቢቀመጥ ይሻለዋል። እኔ በተማርኩበት ቤት ጥንስሱ ስንት ቀን እንደሚቆይ ብጠይቃቸው፣ የጋኑን ክዳን ገለጥ አድርገው ጆሮዬን እንዳስጠጋ ነገሩኝ። ውስጡ እንደ ደቃቅ ዝናብ ይንሿሿ ነበር። ድምፁ ሲበረታ ቀጣዩ እህል ይገባል፤ ቀኑን የሚቆርጠው እሱ ነው።

የጠላ ሥራ የሚጀምረው ከጋኑ ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል እየታሸ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያም በወይራ ይታጠናል። ጭሱ ለጠላው ጠረን ይሰጠዋል፤ ከሸክላው ቀዳዳ ውስጥ የተደበቀውን የማይፈለግ ተሕዋስም ያዳክማል። ቀጥሎ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠልና የተፈጨ ብቅል በውኃ ተበጥብጠው ጥንስስ ይሆናሉ። በተማርኩበት ቤት ለአንድ ጣሳ ጌሾ ሁለት ጣሳ ብቅል ይገባ ነበር። ጥንስሱ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። በዚህ መካከል ከገብስ፣ ከማሽላ ወይም ከዳጉሳ ዱቄት ወፍራም ቂጣ ይጋገርና ጠርዙ እስኪጠቁር ይጠበሳል። ቂጣው ተቆራርሶ፣ የተከተፈ የጌሾ እንጨትና ተጨማሪ ብቅል ታክሎበት ጥንስሱ ውስጥ ሲገባ ድፍድፍ ይባላል። ከዚያ የተቆላ እህል ዱቄት በውኃ ታሽቶ ምጣድ ላይ ይታመስና እንኩሮ ይሆናል፤ እሱም ይጨመራል። የጠላው መልክ መጥቆር የሚመጣው ከዚህ ከመቁላትና ከማመስ ነው። ድፍድፉ ታፍኖ ሳምንት ገደማ ከቆየ በኋላ በውኃ ይቀጥናል፤ አንድ ሁለት ቀን ካረፈ ለመጠጥ ይደርሳል። ሳይጠል የሚቀዳው ጉሽ ነው። ጠላው ካለቀ በኋላ በአተላው ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚገኘው ቀጭኑ ደግሞ ቅራሪ ይባላል።

በዚህ ሁሉ መካከል እርሾ የሚጨምር የለም። አልኮሉን የሚሠሩት ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከጋኑ ጋር የሚገቡት የእርሾ ዘሮች ናቸው፤ ዋነኛው ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ የተባለው፣ ዳቦም ቢራም የሚሠራው ነው። ጠላውን ኮምጠጥ የሚያደርጉት ደግሞ ላክቲክ አሲድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች ናቸው። የጌሾ ሥራ በፋብሪካ ቢራ ውስጥ ሆፕ የተባለው መራራ አበባ የሚሠራው ነው፤ ያመርራል፣ ጎጂ ተሕዋስንም ይከላከላል። ተራ ጠላ ከ2 እስከ 4 በመቶ አልኮል ይኖረዋል፤ በደንብ የተጣራውና ወፈር ያለው ከዚያ ይበልጣል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ጥንስሱ እንደ መተማ ቆላ አይቸኩልም። በክረምት ጋኑን ወደ ምድጃው ማስጠጋት ወይም በጆንያ መጠቅለል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በበጋ የተማረ ሰው በነሐሴ ያንኑ ቀን ቆጥሮ ቢያቀጥን ጥሬ የሚል ጠላ ይወጣለታል።

ኮረፌ ከጠላ ይለያል፤ እንደኔ እንደኔ በጎንደር ምድር ከሚጠመቀው ሁሉ ይበልጥ ሊጻፍለት የሚገባው እሱ ነው። በተለይ በጭልጋና በላይ አርማጭሆ አካባቢ የሚኖረው የቅማንት ሕዝብ መጠጥ ሆኖ ይታወቃል። ገብሱ ተፈትጎ በውኃ ያድራል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል፤ ከዚያ ከደረቀ የጌሾ ቅጠልና ከውኃ ጋር ተደባልቆ በሸክላ ዕቃ ውስጥ ሁለት ሦስት ወር ይቀመጣል። ሲፈለግ ከድብልቁ ጥቂት ይወጣና በውኃ ይበጠበጣል፤ በማግስቱ አረፋ ደፍቶ ይጠጣል። የዘዴው ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ ዋናው ድብልቅ እንደ ጎተራ እህል ተቀምጦ ይቆያል፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚፈለገውን ያህል ብቻ ይቀዳለታል። ጠላ ግን አንዴ ከቀጠነ በጥቂት ቀን ይኮመጥጣል። አልኮል ለማይጠጡ፣ በተለይ ለሙስሊሙ ጎረቤት፣ ከተቆላ ገብስ የሚዘጋጅና ጌሾ የማይገባበት ቀሪቦ አለ።

ጥሬ ዕቃው ቅዳሜ ገበያና አራዳ በተባሉት የከተማዋ ገበያዎች ይገኛል። ገብሱ የሚመጣው ከወገራ፣ ከዳባትና ከደባርቅ ደጋ ነው፤ ዳጉሳው ከደምቢያ፣ ማሽላው ከመተማና ከአርማጭሆ ቆላ ይመጣል። ጌሾን ብዙ ሰው በጓሮው ይተክላል፤ በጣና ዳር ዘጌም ከቡና ጋር በብዛት ይበቅላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠምቅ ሰው ገብስ ቢመርጥ ደግ ነው፤ ስህተት ይችላል። ዳጉሳ ጥሩ ቀለምና ጉልበት ይሰጣል፤ ግን ጠጠርና አፈር ስለማይጠፋው ደጋግሞ ማበጠር ይጠይቃል።

ብቅል ሲገዛ ዋናው መፈተኛ ጥርስ ነው። በደንብ የደረቀ ብቅል ሲነከስ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ ምላስ ላይም ይጣፍጣል፤ ያልደረቀው ጥርስ ሥር ይለመጣል። ጣፋጩ የሚመጣው እህሉ ሲበቅል ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይሩ ኢንዛይሞች ስለሚፈጠሩ ነው፤ ያልጣፈጠ ብቅል ጥንስሱን አያነሣም። እፍኝ አንሥቶ ማሽተትም ግድ ነው። የሻገተ ጓዳ የሚሸት ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ መተው ነው፤ ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበት ይጎዳል፣ በመጋገርና በመቁላትም ጨርሶ አይጠፋም። እኔ አንድ ጊዜ ለሰርግ ሲቸኮል የተፈጨ ብቅል ሳልቀምስ ገዝቼ ሙሉ ጋን ድፍድፍ ደፍቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያልተፈጨውን ገዝቼ ራሴ አስፈጫለሁ። ጊዜ ያለው ሰው ቤቱ ቢያበቅል የተሻለ ነው። ገብሱ ለአንድ ቀን ይዘፈዘፋል፣ ይጠነፈፋል፣ በቅጠል ወይም በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ሦስት ቀን ያህል ይቆያል፤ ሥሩ የፍሬውን ቁመት ሲያክል ፀሐይ ላይ ይሰጣል።

ጌሾም እንዲሁ በቅጠሉ ቢገዛ ይመረጣል። አረንጓዴነቱ ያልለቀቀና በእጅ ሲያሹት መራራ ሽታ የሚሰጥ ጥሩ ነው፤ ቡናማ ሆኖ የሚፈረፈረው የከረመ ነው። የተወቀጠውን የሚገዛ ሰው ምን እንደተቀላቀለበት አያይም።

ሸክላው ከከተማዋ በስተሰሜን ባለችው በወለቃ ይገኛል፤ የቤተ እስራኤል ሴቶች የሸክላ ሥራ ያስጠራት መንደር ናት። አዲስ ጋን ከመግዛት በፊት በጣት ማንኳኳት ነው፤ ደህናው ያቃጭላል፣ የተሰነጠቀው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ዛሬ ብዙዎች በርሜልና ጀሪካን ይጠቀማሉ። ቀላልና የማይሰበር ነው፤ ግን በጢስ ስለማይታጠን ጠረኑ ይቀራል፣ ቀድሞ ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበትም ለመጠጥ አይሆንም። በከተማዋ ያለው የዳሸን ቢራ ፋብሪካ የራሱ አሠራር ያለው ሌላ ሙያ ነው፤ የቤት ጠማቂ ግን የሚያስፈልገውን ሁሉ ከእህል በረንዳው፣ ከጌሾ ሻጯና ከሸክላ ሠሪዋ ያገኛል።

ቅራሪው ካለቀ በኋላ ጋኑ ውስጥ የሚቀረው አተላ ለከብት ይሰጣል።