ቀድመው የተጠናቀሩ ኦብጀክት ፋይሎችና የጎ ቋንቋ

ኦብጀክት ፋይል ኮምፓይለር (ኮድ አጠናቃሪ ፕሮግራም) ሰው ከጻፈው ምንጭ ኮድ የሚያወጣው፣ ገና ለብቻው የማይሠራ የማሽን ኮድ ነው። የሚጠራቸው ፋንክሽኖች የት እንዳሉ አያውቅም። ጎደሎውን የሚሞላው ሊንከር የሚባለው አገናኝ ፕሮግራም ነው፤ ስሞቹን ያዛምድና አንድ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ያወጣል። የሊንከርን ጅማሬ ብዙዎች አሜሪካዊቷ የኮምፒውተር ባለሙያ ግሬስ ሆፐር ከሠራችው ኤ-0 ፕሮግራም (1952 እ.ኤ.አ.) ይቆጥሩታል።

ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1963 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ትምህርቱ ብረታ ብረት፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ኤሌክትሪክና የመሳሰለው ነበር። አንጋፋው ግቢ ዛሬም «ፖሊ» ነው የሚባለው፤ አሁን ግን ኮምፒውቲንግም ይማሩበታል። ለጎጃም ተማሪ ተጠናቅሮ የተዘጋጀ ፋይል በላፕቶፑ መያዝ ቅንጦት አይደለም። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆረጣል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ዲፔንደንሲ (ፕሮግራሙ የሚደገፍበት የሌሎች ኮድ) በላፕቶፑ ላይ ያልነበረው ሰው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

ጎ የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ እነዚህን ፋይሎች የሚይዝበት መንገድ ቀላል ነው። ስሙ በ«ኤስዋይኤስኦ» (.syso) የሚያልቅ ኦብጀክት ፋይል ከጎ ኮዱ ጋር በአንድ ፎልደር ካለ፣ ግንባታው ራሱ አንስቶ ለሊንከሩ ይሰጠዋል። ትእዛዝ መጻፍ አያስፈልግም። ስሙ ላይ ሊኑክስ (ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ) እና ኤኤምዲ64 (የፕሮሰሰሩ ዓይነት) ከተጻፈ ደግሞ ለዚያ ማሽን ብቻ ይገባል። ቋንቋው ራሱ ይጠቀምበታል፦ የዳታ ሬስ (ሁለት የፕሮግራም ክፍሎች አንድን ዳታ ሳይቀናጁ በአንድ ጊዜ ሲነኩ የሚፈጠር ስህተት) መፈለጊያው ኤልኤልቪኤም ከተባለው የኮምፓይለር ፕሮጀክት የመጣ ነው፤ ተጠናቅሮ ስለሚታደል የተጻፈበትን የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ ራስዎ አያጠናቅሩም።

ከጎ ጋር አብሮ የሚመጣው ዝግጁ ኮድ፣ መደበኛ ላይብረሪውም፣ ድሮ ተጠናቅሮ ነበር የሚመጣው። ጎ 1.20 (ፌብሩዋሪ 2023 እ.ኤ.አ.) ይህን አስቀረ። አሁን የሚፈለገው ብቻ በተጠቃሚው ማሽን ላይ ተጠናቅሮ ካሽ (ለቀጣይ ጊዜ ማቆያ) ውስጥ ይቀመጣል። የሚወርደው ፋይል አነሰ፤ የመጀመሪያው ግንባታ ግን በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያስጠብቃል። ለእኛ ለባለ ቀጭን ኢንተርኔቶች ልውውጡ አዋጪ ነው።

ምንጭ ኮዱ የማይታይ ኦብጀክት ፋይል ይታመናል ወይ የሚለው ያከራክራል። አንዳንዶች ጭራሽ አይነካ ይላሉ። ከየት እንደመጣና ማን እንዳጠናቀረው ከታወቀ ግን ችግር የለውም።

ኢንተርኔት ሳይጠፋ ዲፔንደንሲዎችን ወደ ፕሮጀክቱ የሚገለብጠው «ጎ ሞድ ቬንደር» የተባለ ትእዛዝ አንድ ጣጣ አለው። የጎ ፋይል የሌለበትን ንዑስ ፎልደር አይገለብጥም። ዲፔንደንሲው የሚጠቀምበት፣ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ላይብረሪ ለብቻው ፎልደር ውስጥ ከነበረ ይቀራል፤ ሊንከሩም አላገኘሁም ብሎ ይቆማል። እንዲህ ያለውን ፎልደር በእጅ መገልበጥ ወይም ውስጡ አንድ ባዶ የጎ ፓኬጅ (የኮድ ክፍል) ጽፎ ከኮዱ መጥራት ያስፈልጋል።