ባሏ ለሞተባት ሴት ስለ ገንዘብ የሚነገራት እና እውነታው

ሥራዬ የፋይናንስ ማማከር ነው። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ናቸው። ወደ እኔ ሲመጡ ከገንዘቡ ጉዳይ ይልቅ ጭንቅላታቸውን ያዞረው የሰው ምክር ነው። ወንድም አንድ ይላል፣ ጎረቤት ሌላ ይላል፣ የባል ጓደኛ ደግሞ ሌላ። ሁሉም ተቆርቁረው ነው። ግን የሚሉት ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«ሳይረፍድ ቶሎ ወስኚ»

እንደ እኔ ከሁሉም የሚጎዳው ይሄ ነው። አንዲት የሁለት ልጆች እናት ባለቤቷ በሞተ በሦስተኛው ሳምንት መጣች። ወረቀቱን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዛ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው። ያልተከፈቱ ፖስታዎች፣ የባንክ ደብተር፣ ደረሰኞች፣ የቤቱ ካርታ። «ቤቱን ልሽጠው?» ነበር የመጀመሪያ ጥያቄዋ። ገዢ ተገኝቷል፣ እንዳያመልጥሽ ተብላለች።

ወረቀቶቹን አብረን በሦስት ከፈልናቸው። አንደኛው በዚህ ሳምንት የሚያልቅ። ሁለተኛው በሚቀጥሉት ወራት የሚያልቅ። ሦስተኛው ቢያንስ ስድስት ወር፣ ቢቻል ዓመት የማይነካ። የቤቱ ካርታ ሦስተኛው ላይ ተቀመጠ። «ዛሬ አንነካውም ማለት ነው?» አለችኝ። «አንነካውም» አልኳት። ከገባች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩን ተደግፋ ተቀመጠች።

በእርግጥ የማይጠብቁ ነገሮች አሉ። የሞት ምስክር ወረቀት በብዙ ቅጂ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም፣ ጡረታውም የየራሳቸውን ይጠይቃሉ። ለመሥሪያ ቤቱ ማሳወቅም አይቆይም። የኢንሹራንስና የጡረታ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የጊዜ ገደብ አለው። የቤት ኪራይ፣ የብድር ክፍያና የኢንሹራንስ መዋጮ እንዳይቋረጡ ማየት ነው። ቤት መሸጥ፣ ለዘመድ ማበደር፣ ዋስ መሆን፣ ንግድ ውስጥ መግባት ግን ሁሉም ይቆያሉ። እንቅልፍ ያጣ፣ ያነበበውን ወዲያው የሚረሳ ሰው እንዲህ ያለ ውል መፈረም የለበትም።

«የባልሽ ዕዳ ያንቺ ዕዳ ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። በብዙ አገሮች የሟች ዕዳ የሚከፈለው ሟቹ ከተወው ንብረት ነው፤ ወራሾች የሚካፈሉት የተረፈውን ነው። ሚስት በግሏ ተጠያቂ የምትሆነው አብራ ከፈረመች፣ ዋስ ከሆነች፣ ወይም ያገሩ ሕግ የባልና ሚስትን ዕዳ የጋራ ካደረገው ነው። ስለዚህ ከመክፈል በፊት የሕግ ባለሙያ መጠየቅ ይቀድማል።

እዚህ ላይ ትልቁ ጠላት ይሉኝታ ነው። ሰው መጥቶ «ባለቤትሽ እኔ ጋ ብድር ነበረበት» ሲል፣ ስሙ እንዳይነሳ ብላ ለልጆቿ ካስቀመጠችው አውጥታ የምትሰጥ አለች። «ማስረጃውን በጽሑፍ ያምጡልኝ፣ አስመርምሬ እመልስልዎታለሁ» ማለት ሟቹን ማዋረድ አይደለም። ዕዳው እውነት ከሆነ ወረቀት ወይም ምስክር ይኖረዋል። እስከዚያ ምንም አትፈርም፣ በቃልም ቃል አትግባ።

«ኑዛዜ አለ፣ ሁሉም ነገር አልቋል»

የሕይወት ኢንሹራንስና አንዳንድ የጡረታ ቁጠባዎች በብዙ ቦታ በኑዛዜው አይሄዱም። ገንዘቡ የሚከፈለው ሟቹ «ለዚህ ሰው ይከፈል» ብሎ በሞላው ቅጽ ላይ ስሙ ለተጻፈው ሰው ነው። ያንን ቅጽ ሰዎች ሥራ ሲቀጠሩ አንዴ ይሞሉትና ይረሱታል። ከጋብቻ በፊት ተሞልቶ የእህት ስም እንደያዘ የቀረ ቅጽ በእጄ ይዤ አውቃለሁ። እህትየው ደግ ሰው ስለነበረች ነገሩ በሰላም አለቀ። በደግነት ላይ ብቻ የቆመ ነገር ግን ያስፈራኛል። ስታገቡ፣ ልጅ ስትወልዱ፣ ስትፋቱ ቅጹን አውጥታችሁ እዩት።

«ባንክ ካለ አይነካም»

ቁጥሩ አይነካም፣ የመግዛት አቅሙ ግን ይነካል። አቅሙ በስንት ዓመት ግማሽ እንደሚሆን በግምት ለማወቅ 72ን ለዋጋ ንረቱ ማካፈል ነው። ንረቱ በዓመት 8 በመቶ ከሆነና ገንዘቡ ወለድ ካላገኘ፣ በ9 ዓመት ገደማ የሚገዛው ግማሽ ይሆናል። የስድስት ወር ወጪ በቀላሉ የሚወጣበት ቦታ ይቀመጥ። የቀረው ተረጋግታ ስትወስን ሌላ ቦታ ይፈለግለት።

«የቤት እመቤት ደመወዝ የላትም፣ የሕይወት ኢንሹራንስ ምን ያደርግላታል?»

ልጆቹን የምትይዘው፣ የታመመውን የምታስታምመው፣ ቤቱን የምታቆመው እሷ ናት። ይህን ሁሉ በክፍያ ለማሠራት ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ አስቡት። እሷ የጎደለች ቀን ባልየው ወይ ሥራውን ይቀንሳል፣ ወይ ሰው ይቀጥራል።

«ገንዘብ የወንድ ነገር ነው»

ሴቶች ከገንዘብ የራቁት ስለማይችሉ አይደለም፣ በሕግ ተከልክለው ነው። ፈረንሳይ ውስጥ እንኳ ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ የባንክ ሒሳብ መክፈት የቻለችው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ማጊ ዎከርን ሁሌ አነሳለሁ። እናቷ በባርነት የኖረች፣ ባሏ ሲሞትባት ልብስ እያጠበች ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት። ማጊ ያንን ልብስ እያመላለሰች አደገች። እ.ኤ.አ. በ1903 በአሜሪካ ሪችመንድ ከተማ ባንክ አቋቋመች። በ1915 እሷም ባሏ ሞተባት፤ ባንኩን መምራቷን ግን አላቆመችም።

«አማካሪ ሁሉ አንድ ነው»

አይደለም። አንዳንዱ የሚከፈለው ከእናንተ ነው፣ አንዳንዱ በሸጠላችሁ ዕቃ ኮሚሽን ነው። የኋለኛው ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ግን «ይህንን ብገዛ እርስዎ ስንት ያገኛሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔንም ጠይቁኝ። የተቆጣ ወይም የሸሸ ካለ ተነሥታችሁ ውጡ። «ዛሬ ካልፈረምሽ» የሚልም እንደዚያው።

«በቁም ስለ ሞት ማውራት ሟርት ነው»

በዓለም ደረጃ ሴቶች ከወንዶች በአማካይ ወደ 5 ዓመት ይበልጥ ይኖራሉ። ባል ደግሞ ብዙ ጊዜ በዕድሜ ይበልጣል። ስለዚህ ብዙ ሚስቶች አንድ ቀን ሒሳቡን ብቻቸውን ይይዙታል። ለባልና ሚስት የምሰጠው የቤት ሥራ አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ሒሳቦች የት የት እንዳሉ፣ ዕዳ ለማን፣ ማን የእኛ ገንዘብ አለበት፣ ኢንሹራንሱ የቱ ነው፣ ወረቀቶቹ የት ተቀምጠዋል። የይለፍ ቃል አይጻፍበትም፤ እሱ ለብቻው ይቀመጣል።

አንድ ጥንዶች እኔው ቢሮ ጀመሩት። ባልየው ቶሎ ቶሎ ሲጽፍ ቆየና ሦስተኛው መስመር ላይ ብዕሩ ቆመ። ቀና ብሎ አያትና «ይቺን ለካ አልነገርኩሽም» አላት። ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።